በእግር የሚቃኝ ክራር

ፔዳል ስቲል ጊታር ለማሠራት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ቅጽ ነው። ስንት ክር፣ ስንት አንገት፣ ስንት ፔዳል፣ ምን ዓይነት እንጨት፣ ምን ቀለም እያለ ይጠይቃል። ከታች ሰፊ ሠንጠረዥ አለው፤ ክሮቹ በቁመት፣ ፔዳሎቹ በአግድም ይሰለፋሉ። በየሳጥኑ ያ ፔዳል ሲረገጥ ያ ክር ምን እንደሚሆን ይሞላል፤ ግማሽ ድምፅ ይውጣ፣ ሙሉ ድምፅ ይውጣ፣ ይውረድ፣ ወይስ ባለበት ይቆይ። ከናሽቪል ይዤው ወደ አዲስ አበባ በመጣሁት ቅጽ ላይ የተሞላው ስሜና አድራሻዬ ብቻ ነበር።

ያልሞላሁት በገንዘብ እጦት አይደለም። ታላቅ እህቴ ሥራዋ ከተቃናላት ወዲህ፣ «ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ዕድሜህን ሙሉ ሰው የጣለውን ጊታር እየጠገንክ ኖርክ። አሁን የምትመኘውን እዘዝ። ሂሳቡን ለእኔ ይላኩልኝ፤ አንተ ዋጋውን እንዳታየው» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እትዬ ከተናገረች አታጥፍም። ባለሙያ የሚጫወትበት አዲስ ፔዳል ስቲል ከአራት ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል፤ ሁለት አንገት ያለው ከሆነ ደግሞ ብዙ ይጨምራል። ገደቡ ሲነሣልኝ ግን እጄ ቅጹ ላይ ደረቀ። ገንዘብ ሲያጥር ምርጫውን ገንዘቡ ይመርጥልሃል፤ የተገኘውን ገዝተህ ከተገኘው ጋር ትስማማለህ። ገንዘብ አልከለክልህም ሲል ግን ምን መጫወት እንደምትፈልግ ራስህ መናገር አለብህ፤ እኔም ይህን ተጠይቄ አላውቅም ነበር።

መሣሪያውን በዓይኑ ያላየ አንባቢ ብዙ ነውና ላስረዳ። ፔዳል ስቲል እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር የሚቆም ጊታር ነው። ክሮቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተዘርግተዋል። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የያዘውን ድቡልቡል ብረት በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ በቀኝ እጁ አውራ ጣትና በሁለት ጣቶቹ ላይ ባጠለቃቸው መምቻዎች ክሮቹን ይነካል። ክሩ እንደ ተራ ጊታር ከእንጨቱ ጋር አይጫንም፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሳበ ይሄዳል። ከሥር በግራ እግር የሚረገጡ ፔዳሎችና በሁለቱ ጉልበቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፉ ዘንጎች አሉ። ፔዳል ሲረገጥ የተመረጡት ክሮች ይወጠራሉ ወይም ይላላሉ፤ ሲለቀቅ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ቀኝ እግር ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ሌላ ፔዳል ላይ ያርፋል። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ጉልበት፤ ሥራ ፈት የሚቀመጥ የሰውነት ክፍል የለም።

ብረት የማንሸራተቱ ጥበብ የሃዋይ ነው፤ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ የሃዋይ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንደጀመረው ይነገራል። ፔዳሉ ግን የገነነው በናሽቪል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ዝነኛ በሆነው የዌብ ፒርስ «ስሎውሊ» ላይ ባድ አይዛክስ ክሮቹ ገና እየጮኹ ሳለ ፔዳሉን ረገጠና ድምፁን በጆሮ ፊት አጠፈው። ከዚያ ወዲህ የካንትሪ ሙዚቃ ያለዚያ እጥፋት አይሆንለትም። እኛም ሀገር ይህን ድምፅ ሳያየው የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። አባቴ ደሴ ቤታችን ውስጥ የጂም ሪቭስና የኬኒ ሮጀርስ ካሴቶች ነበሩት፤ እንግሊዝኛውን ሳይሰማ ዜማውን ያንጎራጉረው ነበር። ከዘፋኙ ጀርባ ሆኖ የሚያለቅሰው ነገር ማሲንቆ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም ያ ልጅ ሩቅ የሳተ አይመስለኝም፤ በአንድ የፈረስ ጭራ ላይ ድምፅን ከዚህ ወደዚያ እየሳቡ ሆድ ማባባት የማሲንቆ ሥራ ነው።

ናሽቪል ውስጥ ይህን መሣሪያ የሚጫወት ሐበሻ ሲያዩ ይገርማቸዋል። እኔ ግን ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴ ቀድሞ መንገዱን እንዳሳየ እነግራቸዋለሁ። ጁጁ የሚባለውን ሙዚቃ በሚጫወተው ባንዱ ውስጥ ዴሞላ አዴፖጁ ፔዳል ስቲል ይጫወት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው «ጁጁ ሙዚክ» አልበም ዓለም ሰምቶታል። ሰኒ አዴ ከናሽቪል የወሰደው ዕቃውን ነው፤ ዜማው የዮሩባ ሆኖ ቀረ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ዕቃውንም ዜማውንም ከናሽቪል ተቀብዬ ነው የኖርኩት።

የምኞቴ ዝርዝር ረጅም ነበር። ከላይ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ ኤመንስ ነው። ባዲ ኤመንስ (እ.ኤ.አ. 1937–2015) ፔዳል ስቲልን ዛሬ የምናውቀውን መልክ ካስያዙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ መጀመሪያ ከሾት ጃክሰን ጋር ሾ-ባድ የተባለውን የጊታር ድርጅት መሠረተ፣ ቀጥሎ በራሱ ስም ጊታር ማሠራት ጀመረ። የዚያ ዘመን ኤመንስ ድምፁ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፤ ያን የሰማ ጆሮ በሌላ አይጠግብም። ከዚያ በታች ባለ ሁለት አንገቱ ነበር፤ ከፊት ለካንትሪው ኢ ናይን የሚባለው ቅኝት፣ ከኋላ ለጃዙ ሲ ሲክስ፣ በድምሩ ሃያ ክርና ስምንት ፔዳል። ሁለቱን በአንድ አንገት የሚያጣምረው ባለ አሥራ ሁለት ክሩም ነበር። ገንዘብ ከተፈቀደ ፔዳል መጨመር ነው፣ ክር መጨመር ነው፤ ማብቂያ የለውም።

አዲስ አበባን የማውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። ከደሴ የወጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ስመለስም ከቦሌ ወደ ወሎ እንጂ ወደ መሀል ከተማ አልወጣም ነበር። በዚህኛው ጉዞ ግን የአጎቴ ልጅ ሰርግ ስለነበረና ማረፊያዬ አራዳ ስለሆነ ፒያሳን በእግሬ ለማየት በቃሁ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ጀመርኩ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ፣ ንግሥት ዘውዲቱና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት ደብር ነው። የከተማዋ ትልቁ ገበያ እዚሁ አጠገቡ እንደነበርና ጣሊያኖች ወደ መርካቶ እንዳዛወሩት የአጎቴ ልጅ እየሄድን ነገረኝ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አልፈን ቁልቁል ወረድን።

ፒያሳ ላይ ሰው ለእንግዳ መንገድ ሲያሳይ አስተዋልኩት። በቆመውም በፈረሰውም ነው የሚያሳየው። «ዶሮ ማነቂያ የነበረበትን አልፈህ»፣ «ከእሪ በከንቱ በላይ» ይሉሃል፤ ዓይንህ የሚያየው ግን በ2016 ከፈረሱት ቤቶች በኋላ የተከፈተውን ሜዳ፣ አዲሱን የእግረኛ መንገድና የመብራት ምሰሶ ነው። «ማህሙድ ጋ» የሚሉት ደግሞ ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ በከፈተው ሙዚቃ ቤት ስም የቀረ መገናኛ ነው። የአጎቴ ልጅ ፍቅረኛውን ሲቀጥር የኖረው እዚያ ነው፤ የሰርጉ ጥሪም ከዚያ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ከተማው ሁሉ በአንድ ዘፋኝ ሱቅ ስም ሲቀጣጠር መኖሩ ለሙዚቃ ያለውን ቦታ ይነግረኛል። ናሽቪል ራሷን የሙዚቃ ከተማ ትላለች፤ እዚያ ግን «ዶሊ ፓርተን ጋ ጠብቀኝ» ያለኝ ሰው የለም።

ሀገር ፍቅር ቴአትር በር ላይ ረዘም አድርጌ ቆምኩ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወር በተዘጋጀበት ወቅት ሕዝቡን ለመቀስቀስ በመኮንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ በወጣትነቱ የገባው እዚህ ነው። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ ከየጠጅ ቤቱና ከየመንደሩ ወጥቶ በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠው በእንዲህ ዓይነት ቤት ነው። የአጎቴ ልጅ ቅጹን ካሳየሁት ጀምሮ አንድ ነገር ሲያስብ ቆይቶ ነበር። «አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ክራር ሲጫወቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ። ይህን ወረቀትህን ለእሳቸው ነው ማሳየት» አለኝ።

የተገናኘነው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ ቆሟል። ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ በዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር፤ በጥር 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት በላው። ጋሼ (ስማቸው እንዳይጠቀስ ስላሉኝ በዚሁ እቀጥላለሁ) አመድ የሆነውን ወገን በጣታቸው አሳይተውኝ ሲያበቁ ክራራቸውን ከጨርቅ ከረጢት አወጡ። ሳጥኑ እንጨት፣ ፊቱ ቆዳ፣ ክሮቹ ስድስት። ቀንበሩ ላይ ያሉት መቃኛዎች በእጅ ብዛት ጠቁረው ያብለጨልጫሉ።

ወረቀቴን አገላብጠው አዩትና፣ «ይህ ዕቃህ ስንት ቅኝት ይችላል?» አሉኝ።

«ሁለት ነው የሚለመደው፣ ጋሼ።»

«የኛንስ?»

በናሽቪሉ ቅኝት ላይ ትዝታን መጫወት እችላለሁ፤ ብዙ ጊዜም ብቻዬን ስሆን ተጫውቼዋለሁ። ነገር ግን ከአሥሩ ክር የሚስማማኝን እየመረጥኩ፣ የማይስማማውን እየዘለልኩ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ክራሩን ትዝታ ላይ አደረጉትና ጥቂት ገረፉ። በዚህ ጊዜ ዓይኔ ግራ እጃቸው ላይ ቀረ። አምስቱ ጣቶች ከክሮቹ ጀርባ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክር ተደግፈዋል፤ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ ይገርፋል፣ የግራው ጣቶች ግን እንዳይጮህ የፈለጉትን አፍነው የሚፈለገውን ይለቁታል። ዜማው ከጣት መነሣት ነው የሚወጣው። በፔዳል ስቲልም ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት ነገር ይኸው ነው፤ በቀኝ መዳፍ ጠርዝ ክሮቹን እያፈኑ አንዱን ብቻ ማናገር። ያን እጅ ሳይ የማውቀው ሰው ያየሁ መሰለኝ።

ቀጥለው ሁለት መቃኛ ብቻ ጥቂት ጥቂት አላሉ፤ ትዝታ ማይነር ሆነ። ከዚያ ሦስት ክር ወጥረው ባቲ አደረጉት። ከዚያ አምባሰል። መጨረሻ ላይ አንቺ ሆዬ። በየመሀሉ ጆሯቸውን ወደ ክሩ አዘንብለው ትንሽ ይቃኛሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ይቃኛሉ። መድረክ ላይ ዘፋኙ ቅኝት ሲለውጥ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ሁለት ክራር ነዋ። አንዱን ትዝታ፣ አንዱን ባቲ አድርጌ እይዛለሁ። ሦስተኛ ከመጣ አስተዋዋቂው ወሬ ያብዛልኝ» አሉኝ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ባቲ ለእኔ ዜማ ከመሆኑ በፊት የሰኞ ገበያ ነበር፤ አምባሰልም ተራራ። የአራቱም ቅኝቶች ስም ከአገሬ ጋር ተያይዞ ሲጠራ ነው ያደግኩት። በዚያች በረንዳ ላይ ሆኜ ጋሼ መቃኛ ሲያዞሩ ሳይ፣ እግሬ ሥር የኖረው መሣሪያ ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ ያህል ተሰማኝ። ፔዳል ማለት እኮ ዜማው ሳይቋረጥ መቃኛ የሚያዞር እግር ነው። ለሁለት የአሜሪካ ቅኝት የሚያገለግል ከሆነ ለአራቱ የወሎ ቅኝት የማያገለግልበት ምክንያት የለም። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶ አወጣሁ።

መነሻው ቀላል ነበር። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ድምፅ ነው፤ መሣሪያው አሥር ክር አለው። እንግዲህ አምስቱ በወፍራሙ፣ አምስቱ በቀጭኑ ተደርገው ሁለት ሙሉ እርከን ትዝታ ይወጣል፤ የሚዘለል ክር አይኖርም። እግር ሳይንቀሳቀስ መሣሪያው ትዝታ ነው። የዘፋኟ ድምፅ ከፍ ካለ ብረቱን ወደፊት መግፋት፣ ዝቅ ካለ ወደኋላ መመለስ ይበቃል።

ለእያንዳንዱ ቅኝት አንድ ፔዳል መስጠት ይቻላል፤ ገንዘብ ካለ ማንም ሰሪ ይሠራዋል። አንዱን ስትረግጥ ባቲ፣ ሌላውን ስትረግጥ አምባሰል። ነገር ግን ባቲ ከትዝታ የሚለየው በሦስት ድምፅ ነው፤ በሁለቱም እርከን ሲቆጠር ስድስት ክር ማለት ነው። ስድስት ክር በአንድ ጊዜ የሚጎትት ፔዳል ቁርጭምጭሚት ያደክማል፤ የናሽቪሉ ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ሁለት ወይም ሦስት ክር ነው። ጋሼ ደግሞ ሌላ ከባድ ነገር አነሡ። «ከትዝታ ወደ ባቲ ስሻገር መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ነው የማዞረው፤ መንገዱ መሀል ላይም የሚሰማ ነገር አለ። አንተ በአንድ ርግጫ ከዘለልከው ያ ይቀርብሃል» አሉ። ሳስበው የፔዳል ስቲል ነፍሱ እዚያ ነው፤ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚሰማው ጉዞ ነው። ስለዚህ ቅኝቱን ሳይሆን እያንዳንዱን ለውጥ ለየብቻው መስጠት እንዳለብኝ ተስማማን።

እሳቸው በክራር እያሰሙኝ፣ እኔ እየጻፍኩ ሄድን። ተጫዋች ሁሉ አንድ ዓይነት አይቃኝም፤ የጻፍኩት የእሳቸውን ነው። ሚ ወደ ፋ የምትወጣው በባቲም፣ በአምባሰልም፣ በአንቺ ሆዬም ነው፤ ሦስቱም ስለሚፈልጓት መካከለኛውን ፔዳል ለብቻዋ ሰጠኋት። ከግራዋ ያለው ፔዳል ሬንና ላን ግማሽ ድምፅ ያወጣል፤ ከቀኟ ያለው ሁለቱን ሙሉ ድምፅ ያወጣል። የአንድ እግር ጫማ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ፔዳሎችን አብሮ ለመርገጥ ይበቃል። ግራውንና መካከለኛውን ስረግጥ ባቲ ማይነር፣ መካከለኛውንና ቀኙን ስረግጥ ባቲ ሜጀር ይመጣል። ናሽቪል ውስጥ እግሬ ሲለማመደው የኖረው እንቅስቃሴም ይኸው ነው።

የሚወርዱት ድምፆች ለጉልበት ቀሩ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ አንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ ግራም ቀኝም መሄድ አይችልም። አብረው የሚወርዱ ድምፆች በተለያየ ጉልበት ላይ መሆን አለባቸው። ትዝታ ማይነር ሚንና ላን ግማሽ ድምፅ ያወርዳል። አምባሰል ሬንና ላን ያወርዳል። አንቺ ሆዬ ሬንና ሶልን። ጥቂት ጊዜ ጻፍኩ ሰረዝኩ። የግራ ጉልበት ወደ ግራ ሲገፋ ሬ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ ሚ ይውረድ፤ የቀኝ ጉልበት ወደ ግራ ሲገፋ ላ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋ ሶል ይውረድ። ሬና ሚ አብረው የሚወርዱበት ቅኝት የለም፤ ላና ሶልም እንዲሁ። ሁሉም ገባ። አምባሰልን ለማምጣት መካከለኛውን ፔዳል ረግጬ የግራ ጉልበቴን ወደ ግራ፣ የቀኙን ወደ ግራ እገፋለሁ፤ ቀኙን ብቻ ወደ ቀኝ ስመልሰው አንቺ ሆዬ ይሆናል። ዶ አትነካም። እንደ ምሰሶ ቆማ ሌላው ሁሉ በዙሪያዋ ይወጣል ይወርዳል።

ቆጠርኩት፤ ሦስት ፔዳልና አራት የጉልበት ዘንግ። የትኛውም የናሽቪል ጊታር ቤት ገብተህ አንድ ባለ አሥር ክር ፔዳል ስቲል አሳዩኝ ብትል የሚያወጡልህ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ሦስት ፔዳልና አራት ዘንግ። ሃያው ክርና ስምንቱ ፔዳል ከምኞቴ ዝርዝር ላይ ያን ዕለት ወደቁ። ቅር አላለኝም።

የ1960ዎቹ ኤመንስም ወደቀ፤ እሱ ግን አሳዝኖኛል። የዚያ ዘመን መሣሪያ በመግፋትና በመሳብ የሚሠራ ስልት አለው፤ ለድምፁ ጥራት ምክንያቱ እሱ ነው ይባላል። ግን በተሠራበት ቅኝት እንዲኖር የተሠራ ነው፤ ለውጡን መቀያየር ከባድ ነው። የእኔ ሬ ደግሞ ግማሽ ትወጣለች፣ ሙሉ ትወጣለች፣ ግማሽ ትወርዳለች፤ ላም እንደሷ። ይህን ያለ ችግር የሚሸከመው ሁሉንም ክር በመሳብ ብቻ የሚሠራው የአሁኑ ስልት ነው። ስለዚህ አዲስ ይሠራልኛል።

የአሁኑ ስልት ሌላም በረከት አለው፤ የጋሼን ጥያቄ የመለሰውም እሱ ነው። አንቺ ሆዬ ላይ ሶል ስትወርድ በፒያኖው ቁልፍ ልክ አይደለም የምትወርደው፤ ጋሼ እያንጎራጎሩ አሳዩኝ። በእጃቸው ፒያኖ እንዳለ አድርገው ሁለት ቁልፍ ተጫኑና፣ «እዚህም አይደለም፣ እዚያም አይደለም» አሉ፤ ቀጥለው ክራሩ ላይ ቦታዋን አገኟት። በፔዳል ስቲል እያንዳንዱ ለውጥ ጫፍ ላይ የራሱ ትንሽ የናይለን ብሎን አለው። በቁልፍ እያጠበቅህና እያላላህ ያ ክር በዚያ ፔዳል የት ላይ እንደሚቆም በጆሮህ ትወስናለህ። ዓመት ሙሉ ትጫወታለህ፣ ካልጣመህ ትለውጠዋለህ። አንገቱ ላይ የተሠመሩት መስመሮችም ለዓይን ምልክት ናቸው እንጂ ድምፁን የሚቆርጡ አይደሉም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።

ስንለያይ መሽቶ ነበር። በጊዮርጊስ በኩል ስመለስ ከአንድ መንፈሳዊ መዝሙር መሸጫ የበገና ድምፅ ይወጣ ነበር። በገናም አሥር ክር ነው፤ ምእመናን በአሥርቱ ትእዛዛት ይመስሉታል። ደርዳሪው ከአሥሩ የሚያናግረው በአብዛኛው ስድስቱን ነው፤ ሌሎቹ የጣት ማረፊያ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ክር ክሮቹ ከሚያርፉበት በርኩማ ላይ የተሰካ እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ስላለው ድምፁ እየነዘረ ይወጣል። የቁጥሩ መገጣጠም ልቤን ነክቶት ነበር፤ የአጎቴ ልጅም «እሱንስ አታስገባበትም?» አለኝ። አላስገባም። በገና በጾም የሚደረደር የጸሎት ዕቃ ነው፤ ፔዳል አያስፈልገውም፣ ጊታሬም እሱን እንዲመስል አልፈልግም። የእኔ መሣሪያ ወገኑ ከክራሩና ከማሲንቆው ነው፤ ከሚያዘፍነውና ከሚያስለቅሰው።

በማግስቱ ስለ እንጨቱ ተነጋገርን። ጋሼ ዋንዛ አሉ፤ እትዬ በስልክ ሰምታ እሷም ዋንዛ አለች። የሀገር እንጨት ይሁን የሚለው ሐሳብ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ዋንዛ ለመጥረብ የሚታዘዝ፣ የሚያምር እንጨት ነው። ፔዳል ስቲል ግን የሚፈልገው አልታዘዝም የሚል እንጨት ነው። ክሮች በተሳቡ ቁጥር ገላው ጥቂት ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ያልተሳቡት ክሮች ይላላሉና ቅኝቱ ይረበሻል። ዶ አትነካም ብያለሁ፤ አራት ክር ሲሳብ እንጨቱ ከለዘበ ዶም ትወርዳለች። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ሰሪዎች ጠንካራውን ሜፕል የሚመርጡት፤ እኔም ሜፕል ጻፍኩ። ዋንዛው ከፊት በኩል ለጌጥ ቢለበጥ ግን የሚጎዳው ነገር የለም፤ ሸክም አይሸከምም። ለዚያ የሚሆን አንድ ሳንቃ የአጎቴ ልጅ አስቆርጦልኛል፤ ቀለም የሚለው ሳጥን ውስጥ «ቀለም የለም፤ እንጨቱ ይታይ» ብዬ ሞላሁ።

ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ፊት ስናልፍ እትዬ አሁንም ስልክ ላይ ነበረች። ፔዳሎቹ በወርቅ ይለበጡ ትላለች፤ ዋጋውን አትጠይቅ ያለች እህት ናት። በጫማ የሚረገጥ ነገር ነው አልኳት። ይልቅ ያን ገንዘብ ጥሩ ክራር ለማሠራት ብትሰጠኝ አልኳት፤ ጋሼ የሚያውቁት ሰሪ አለ። ወዲያው እሺ አለች። አሁን ሁለት መሣሪያ ታዝዟል፤ ሁለቱም በአንድ ቅኝት።

የፔዳል ስቲሉ ሰሪ ለላክሁለት ቅጽ የመለሰው በጥያቄ ነው። አሥር ክር በዶ ሬ ሚ ሶል ላ ተቃኝቶ አያውቅም፤ ስለ ክሮቹ ውፍረት መነጋገር አለብን ይላል። ትክክል ነው። ሬ ሙሉ ድምፅ ስትወጣ እንዳትበጠስ በቂ ቀጭን፣ ግማሽ ስትወርድ እንዳትረገብ በቂ ወፍራም መሆን አለባት። የናሽቪሉ ኢ ናይን አራተኛ ክር በዚሁ መጠን ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከሱ እንጀምር ብዬዋለሁ፤ ወፍራሙን እርከን ሞክረን እንወስናለን።

ከቅጹ ግርጌ «ሌላ ማሳሰቢያ» የሚል መስመር አለ። ባለ ሁለት አንገቱ ከነሳጥኑ ሰላሳ ኪሎ የሚያልፍ ዕቃ ነው፤ የእኔ ግን ከነሳጥኑ ከ23 ኪሎ እንዳይበልጥ፣ እንደ ተራ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ እንዲሳፈር ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ የአንቺ ሆዬን ብሎን እሳቸው ራሳቸው ካላጠበቁት እሺ አላሉኝም።